ምርምሩ ወደ ዋርድ ይመለስ፦ ለሆስፒታላችንና ለኮሌጃችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ለተከበሩ የጤና ሳይንስ ኮሌጃችን የምርምር ዘርፍ ኃላፊ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ ጤና ይስጥልን።

ይህን የምንጽፍላችሁ የቀዶ ሕክምና፣ የአጥንትና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች ነን። በቅርቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የውስጥ ሰርኩላር ሥራችንን ነክቶታል። ሰርኩላሩ እንደሚለው ከአሁን በኋላ የምርምር ፕሮፖዛል በዋና ተመራማሪነት ማስገባት የሚችለው የኮሌጁ መምህር ብቻ ነው። የዋርድ ነርስ ቢበዛ መረጃ ሰብሳቢ ትሆናለች። ረቡዕ ከሰዓት አንድ ጥናት ይዘን የምንወያይባት አንድ ሰዓትም ቀርታለች። በየዋርዱ በእጃችን የምንይዘው የአልጋ ቁስል መዝገብ ደግሞ ከሆስፒታሉ ሪፖርት ጋር አይገጥምም ተብሎ እንዲቆም ታዟል።

ቅሬታችንን በመስመሩ አቅርበናል። ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊዋ ጽፈናል፤ ለኮሌጁ ግልባጭ አድርገናል። በጽሑፍ የደረሰን መልስ የለም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍነው። በሌላ ሆስፒታል ያላችሁ ነርሶችም፣ ነገ በእጃችን የምትታከሙ ወገኖችም ብታነቡት ደስ ይለናል።

መጀመሪያ የምናነሳው ከኦፕራሲዮን በፊት ያለውን ጾም ነው።

አንዲት እናት የሐሞት ጠጠር ይዟት ከገጠር መጣች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ታምማም ጾሟን አልተወችም። ያን ቀን የበላችው 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ትንሽ ሽሮ በእንጀራ። ማታ ሐኪሙ ኦርደር ጻፈ፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ነገር በአፍ እንዳይገባ። እሷ ግን ሆስፒታሉን ፈርታ ከ9 ሰዓቱ ምግብ በኋላ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። በማግስቱ በሊስቱ (በዕለቱ የኦፕራሲዮን ተራ ዝርዝር) ላይ መጨረሻ ላይ ነበረች። ከፊቷ የገባው ኬዝ ረዘመ። ከዚያ ድንገተኛ መጣ። ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ራሷን ያማት ጀመር። "ልጄ፣ አፌን ብቻ ላርጥበው" ትላለች። ተረኛዋ ሲስተር ጎዝ በውኃ ነክራ ከንፈሯን አራሰችላት። ከዚያ በላይ ለማድረግ ኦርደሩ አይፈቅድላትም። 11 ሰዓት ላይ "ለነገ ተላልፏል" ተባለ። ሲሰላ ያለ ምግብና ያለ ውኃ 26 ሰዓት ቆይታለች። ማታውን ያው ኦርደር ተደገመ።

የአሜሪካ የአንስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሌላ ችግር የሌለበት ሰው እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ድረስ ውኃና የመሳሰለውን ንጹሕ ፈሳሽ መጠጣት ይችላል። ቀላል ምግብ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ድረስ። (በዚህ ደብዳቤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ከታወቀ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአንስቴዥያ ባልደረቦቻችን ያውቁታል። ሐኪሞቹም ያውቁታል። ታዲያ በዋርዳችን ለምን አይሠራም?

መልሱን የምናውቀው እዚያው የምንውለው ነን። ሊስቱ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ማን መቼ እንደሚገባ ለዋርድ የሚነግር የለም። "ውኃ ጠጥታለች" ተብሎ ኬዝ ከተሰረዘ የምትጠየቀው ነርሷ ናት። ስለዚህ ሁሉም ሰው በጅምላ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዲከለከል ይደረጋል። ያ ለሁሉም ይቀላል፤ ከበሽተኛው በስተቀር። ከሃይማኖት ጾም ጋር ሲደረብ ምን እንደሚፈጠር ደግሞ በፈረንጅ አገር የተጻፈ መመሪያ አይነግረንም። ዐቢይ ጾም ላይ በሽተኛው ከኦርደሩ በፊት ስንት ሰዓት ጾሞ እንደነበር ማን ጠይቆ ያውቃል? በረመዳን ጊዜስ?

ባልደረባችን ይህን ልታጠና ተነሳች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ በሽተኛ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓትና ኦፕራሲዮኑ የተጀመረበትን ሰዓት ለተወሰነ ጊዜ መመዝገብ። ቀጥሎ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ጠዋትና ረፋድ ላይ ለዋርዱ ስልክ እየደወለ የሊስቱን ሁኔታ እንዲነግር ማድረግ። ከዚያ የጾሙ ሰዓት አጠረ ወይስ አላጠረም ብሎ ማየት። ገንዘብ አልጠየቀችም። ወረቀቱ የተመለሰላት በአንድ መስመር ነው፦ አመልካቿ የአካዳሚክ ስታፍ አይደለችም። ስለ ሐሳቡ አንድ ቃል አልተጻፈም። ሐሳቡ ደካማ ነው ቢባል ባሻሻለችው ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የአልጋ ቁስል ነው። በዚህ ላይ ብዙ እንላለን። ማንም ሌላ ባለሙያ "የእኔ ነው" የማይለው፣ ከላይ እስከ ታች የነርስ የሆነ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

አጥንት ክፍል አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ ተኝቶ ነበር። ከፎቅ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቷል፤ ከወገቡ በታች አይሰማውም። የሚያስታምመው ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ቀን ቀን በሆስፒታሉ የሌለ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል ይውላል። ማታ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዷል። ከመቀመጫው በላይ ያለው ቆዳ መጀመሪያ ቀላ፤ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ አይጠፋም። ቀጥሎ ተላጠ። ቀጥሎ ጠቆረ። በኋላ ጥቁሩ ሲነሳ ሥሩ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ያን ወጣት ወራት ያስተኛው ይህ ቁስል ነው።

ተረከዙ ሥር በውኃ የተሞላ ጓንት ተደርጎለት ነበር። ይህን ዘዴ ሁላችንም ከታላላቆቻችን ተምረነዋል። የቀላውን ቆዳ በአልኮል ማሸትንም እንዲሁ። ረቡዕ ከሰዓት በምንሰበሰብባት ሰዓት የአልጋ ቁስል ዓለም አቀፍ መመሪያዎችን አንብበን ነበር። በውኃ የተሞላ ጓንት አትጠቀሙ ይላሉ። የቀለበት ትራስም አይመከርም፤ ግፊቱን ወደ ዳር ያዞረዋል እንጂ አያስቀረውም። የቀላ ቆዳ አይታሽም፤ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጎዳዋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጓንቱን ትተን ብርድ ልብስ አጣጥፈን ከባቱ ሥር ማድረግ ጀመርን፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካ አየር ላይ እንዲቀር። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። ከንባብ ወደ አልጋው የተሻገረው በቀናት ውስጥ ነው። ሰርኩላሩ የሰረዘው ያቺን ሰዓት ነው።

የአልጋ ቁስል ታሪክ የነርሲንግ ምርምር ታሪክ ነው ብንል አላጋነንም። እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን ተከታትለው በ1962 ውጤቱን አሳተሙ። ማን ለቁስል እንደሚጋለጥ አስቀድሞ የሚለይ መመዘኛ ያወጡት እሳቸው ናቸው። በሽተኛን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚባለውም ከዚያ ጥናት ጋር ተያይዞ ነው ዓለምን ያዳረሰው። በ1987 ደግሞ ባርባራ ብራደንና ናንሲ በርግስትሮም የተባሉ አሜሪካዊያን ነርሶች ስድስት ነገር የሚያይ መመዘኛ አሳተሙ፦ በሽተኛው ሕመም ይሰማዋል ወይ፣ ቆዳው ይርሳል ወይ፣ ከአልጋ ይነሳል ወይ፣ ራሱን ያገላብጣል ወይ፣ በደንብ ይበላል ወይ፣ ሲሳብ ቆዳው ይፋተጋል ወይ። የእኛን ወጣት በዚህ ብንመዝነው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ቀይ መብራት ይበራ ነበር።

ነገር ግን መመዘኛው ለእኛ አልጋ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ማታ የሚያገላብጠው ማን ነው? በእነሱ አገር ነርስ ናት። በእኛ ዋርድ አንዳንድ ሌሊት ሁለት ነርሶች ሙሉ ዋርድ ይዘን እናድራለን። የሚያገላብጠው፣ የሚያበላው፣ የሚያጥበው አስታማሚው ነው። አስታማሚውን በሥዕል የተሠራ የማገላበጫ ሰዓት ሰጥተን፣ እጁን ይዘን ብናሠለጥነው ቁስሉ ይቀንሳል? አስታማሚ የሌለው በሽተኛስ ምን ይሁን? ይህ የሀገራችን ጥያቄ ነው። ከለንደንም ከአሜሪካም መልሱ አይመጣም። ልናጠናው ያሰብነውም ይህንን ነበር።

ለዚያ መነሻ ቁጥር ያስፈልጋል። መዝገቡን የጀመርነው ለዚህ ነው። ከሆስፒታሉ ሪፖርት ጋር እንደማይገጥም እናውቃለን፤ የእኛ ቁጥር ከፍ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ቻርት ላይ የተጻፈውን ነው። እኛ የምንቆጥረው ልብሱን ገልጠን ያየነውን ነው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ለምን ብሎ መመርመር ይገባ ነበር። እናንተ ግን ትክክለኛውን መዝገብ ዘጋችሁ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል የሙያችን እናት ተብላ በየዓመቱ በግንቦት የነርሶች ቀን ስትዘከር ሻማ እናበራለን። ሻማው ይሁን። ግን የሠራችው ትልቁ ሥራ መቁጠር ነው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች ከጦር ቁስል ይልቅ በበሽታ እንደሚያልቁ የሞታቸውን መንስኤ በየወሩ ለይታ አሳየች። በ1858 ያንን በሥዕል አድርጋ ለባለሥልጣናቱ አቀረበች። ለሠራዊቱ የሚያሳፍር ቁጥር ነበር፤ ቢሆንም ወጣ፤ የሠራዊቱም ጤና አያያዝ ተለወጠ። የእኛ መዝገብም እንደዚያው እንዲታይ ነው የምንፈልገው።

ሦስተኛው ቅሬታችን እኛ ራሳችን እንዴት እንደምንጠና ነው።

ሙያው ራሱን ማጥናት ከጀመረ ቆይቷል። ነርሲንግ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ መጽሔት መውጣት የጀመረው በ1952 ነው። በእንግሊዝ በ1972 የብሪግስ ኮሚቴ ነርሲንግ በምርምር ላይ የተመሠረተ ሙያ መሆን አለበት ብሎ ለመንግሥት አቀረበ። በሀገራችንም ዛሬ ማስተርስ ያላቸው ነርሶች ጥቂት አይደሉም። ጥናትም ይሠራል። ግን እንዴት?

ጠዋት ሀንዶቨር (የተረኞች ርክክብ) ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንሮጥ አድረን ልንወጣ ስንል አንድ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ገጽ ነው። የነርሶች ዕውቀት፣ አመለካከት፣ አሠራር እና ተያያዥ ምክንያቶች። የነርሶች የሥራ እርካታ እና ተያያዥ ምክንያቶች። ስለ ኢንፌክሽን መከላከል፣ ስለ ሕመም ማስታገሻ፣ ስለ አልጋ ቁስልም እንዲሁ። ቆመን እንሞላዋለን። ተማሪው ዲፌንስ ያደርጋል፤ ይመረቃል። ጽሑፉ ይታተማል። ነርሶች በቂ ዕውቀት እንደሌላቸው ይነገራል፤ ሥልጠና እንዲሰጥ ይመከራል። ሥልጠናው አይመጣም። ውጤቱም ወደ ዋርዱ አይመለስም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ይመጣል።

ተማሪዎቹን አንወቅስም። አጭር ጊዜና ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቷቸው የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእኛው ባልደረቦች ናቸው። የምንወቅሰው አሠራሩን ነው። መጠይቅ ነርሷ ምን እንደምትል ይነግራል። ምን እንደምታደርግ ለማወቅ አጠገቧ መቆም ይጠይቃል። አድራጎቷን ለመለወጥ ደግሞ ከእሷ ጋር መሥራት ይጠይቃል።

ከቻርት የሚወሰድ መረጃም የራሱ ችግር አለው፤ ይህን ከዋርድ ውጭ ያለ ሰው አያውቅም። አንድ የቫይታል ሳይን ወረቀት (ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የመሳሰሉት የሚመዘገቡበትን) አንሡና የትንፋሽ ቁጥሩን ተመልከቱ። 20፣ 20፣ 22፣ 20። ከጎን ያለው በሽተኛም 20፣ 22፣ 20። እንዲህ የሆነው አንዲት ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዛ የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ልትቆጥር ስለማትችል ነው። ተመራማሪው ግን ያንን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ትንተና ይሠራበታል። ጥናቱን ሲያቅድ አንዲት የዋርድ ነርስ አብራው ብትቀመጥ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ትነግረው ነበር። በሰርኩላሩ መሠረት የእሷ ድርሻ ቅጹን መሙላት ነው፤ ስለ ቅጹ የምትጠየቀው ነገር የለም።

የነርስ ብዛትን ካነሳን አይቀር፣ ይህም በምርምር የተረጋገጠ ነው። ሊንዳ ኤይከን የተባሉ ነርስ ተመራማሪ በ2002 ከፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎች ያወጡት ጥናት፣ ለአንዲት ነርስ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ሲጠና ውጤቱ ያው ሆነ። በአውስትራሊያዋ ክዊንስላንድ በ2016 ለአንዲት ነርስ የሚሰጠው የበሽተኛ ቁጥር በሕግ ከተወሰነ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ ሞት ቀንሷል፤ ወደ ሆስፒታል ተመልሶ መግባትም በሌሎቹ ሆስፒታሎች ሲጨምር ቁጥሩ በተወሰነባቸው አልጨመረም፤ የተረፈው ወጪ ለተጨማሪ ነርሶች ከወጣው በልጧል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ስለ በጀት ስለሚያስቡ ይህን በተለይ እንዲያዩልን እንጠይቃለን። የነርስ ምርምር ወጪ የሚቀንስ ነገር ነው።

"እኛ አገር አይሠራም" እንዳትሉን አንድ የሀገር ውስጥ ምሳሌ እንጨምር።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን አጥንተው በ2005 ውጤቱን አሳትመዋል። ግማሾቹ ገና ሳይረጋጉ፣ ወዲያው በእናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተደረጉ። የቀሩት እንደ ወትሮው ተያዙ። በእናታቸው ደረት ላይ ከነበሩት የሞቱት ያነሱ ነበሩ። ያኔ የዓለም ልምድ ሕፃኑ እስኪረጋጋ መጠበቅ ነበር። ከዚያ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስጠናው ትልቅ ጥናት ወጣ፤ የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን ቆዳ ለቆዳ በእናቱ ደረት ላይ መያዝ) ወዲያው ሲጀመር የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2022 ድርጅቱ መመሪያውን ለወጠ። ከአዲስ አበባ የወጣው ውጤት የዓለም መመሪያ ከመለወጡ 17 ዓመት ቀድሞ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ስንት ሕፃን እንዳመለጠን ማሰብ ያማል።

ጥናቱን የመሩት ሐኪሞች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ካንጋሮው ግን በየዕለቱ የሚሠራው በነርስ እጅ ነው። ሕፃኑን እንቁራሪት አስመስላ አጣጥፋ፣ አንገቱን ቀና አድርጋ፣ በእናቱ ነጠላ አጥብቃ የምታስረው ነርሷ ናት። እናት በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሏ ሲያማት ምን ይደረግ? አያት ትያዘው? አባት ሸሚዙን አውልቆ ይግባ ብንል ጥበቃ ያስገባዋል? ወንበር በሌለበት ክፍል እናት ስንት ሰዓት ትቀመጥ? የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶቻችን እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት አስፍረዋል። አሁን ወረቀቱን የሚቀበላቸው የለም።

ከቢሮ የሚነገረን ሁለት ምክንያት ነው። አንዱ "የዋርድ ነርስ የምርምር ዘዴ አታውቅም" የሚል ነው። ስታቲስቲክስ ላይ እገዛ እንደሚያስፈልገን አንክድም። መምህሩ ያንን ያውቃል፤ እኛ ዋርዱን እናውቃለን። አብረን እንሥራ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ጄቢአይ ከተባለው የአውስትራሊያ የጤና ማስረጃ ተቋም ጋር የሚሠራ የማስረጃ ማዕከል አለ። ጄቢአይን በ1996 አዴሌይድ ላይ የመሠረቱት አለን ፒርሰን ራሳቸው ነርስ ናቸው። አሠራሩ ለዋርድ የተመቸ ነው፦ አሁን ያለውን አሠራር ከማስረጃው ጋር ታስተያያለህ፣ እንቅፋቱን ለይተህ ታስተካክላለህ፣ መልሰህ ትለካለህ። ይህን ለመጀመር ፒኤችዲ አያስፈልግም፤ ሥልጠናና ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ምክንያት "ሥራ ይበደላል" ነው። ይህ ስጋት እኛንም የሚያሳስበን ነው። ረቡዕ ከሰዓት የመረጥነው ራውንድ አልቆ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ጠያቂ የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ተረኞቹ ዋርዱን ሳይለቁ የተቀሩት ይሰበሰቡ ነበር። በዚያች ሰዓት ምክንያት ያልተሰጠ መድኃኒት ካለ በማስረጃ ይቅረብልን።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በዋና ተመራማሪነት ላይ የተጣለው ገደብ ይነሳ። ይህ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ በዋርድ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም የነርሲንግ ጥናት አንድ የዚያ ዋርድ ነርስ በተባባሪ ተመራማሪነት ከዕቅዱ ጀምሮ ይኑርበት፤ ስሟም ይጻፍ።

የረቡዕ ሰዓት ይመለስልን።

የአልጋ ቁስል መዝገብ ይቀጥል። ቁጥሩ በየወሩ ለአመራሩ ይቅረብ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያመጣ ዋርድም አይቀጣ። ቅጣት ካለ ማንም እውነቱን አይጽፍም። አብሮ ለአጥንት ክፍል የተጎደጎዱት ፍራሾች ይቀየሩ።

የኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ግዴታ ይጨምር፦ በዋርዳችን የተሠራ ጥናት ሲያልቅ ውጤቱ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለዋርዱ ይሰጥ፣ ተመራማሪውም መጥቶ ያስረዳን። የአማርኛ ተናጋሪ ያልሆኑ በሽተኞች የሚሳተፉበት ጥናት ከሆነ የስምምነት ቅጹ በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን።

ከኦፕራሲዮን በፊት ያለውን ጾም በተመለከተ የባልደረባችን ፕሮፖዛል እንደገና ይታይ። እስከዚያው ግን ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ሊስት ሲለወጥ ለዋርዱ እንዲደውል ነገ ጠዋት ማዘዝ ትችላላችሁ። ኬዟ የተላለፈባት በሽተኛ ወዲያው እንድትጠጣና እንድትበላ ኦርደሩ በዚያው ሰዓት ይነሳ።

ከነርሲንግ መምህራን መካከል ፈቃደኛ የሆኑ የሳምንቱን የተወሰነ ቀን በዋርድ እንዲሠሩ፣ ከእኛም የተወሰኑት በኮሌጁ በተግባር ትምህርት እንዲያግዙ ይመደብ። ይህ አዲስ ቅጥር አይጠይቅም።

ለዚህ ደብዳቤ እስከ ወሩ መጨረሻ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን ከየዋርዱ ሁለት ሁለት ሆነን፣ መዝገቦቻችንን ይዘን እንመጣለን። የሌሊት ተረኞች እንዲገኙ ስብሰባው ከጠዋት ሀንዶቨር በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፤

የቀዶ ሕክምና ዋርድ ተጠሪ ነርስ
የቀዶ ሕክምና፣ የአጥንትና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶችን በመወከል

ግልባጭ፦
ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ
ለኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ
ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል